ሴደም በአዳማ፦ ድንጋይ መካከል ወይስ ሸክላ ውስጥ፣ የትኛውስ ዝርያ?

«ጋሼ፣ ይሄኛው በረዶ ቢተኛበት እንኳ አይሞትም» አለኝ ችግኝ ሻጩ ልጅ፣ ሴደም የተባለውን ድንጋይ ላይ የሚያድግ ዝቅተኛ ተክል፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ችግኞች፣ በላስቲክ ጠቅልሎ እየሰጠኝ። የተናገረው እውነት ነው። እነዚያ ዝርያዎች አገራቸው አውሮፓና ካውካሰስ ሲሆን ወራት ሙሉ በረዶ ሥር ተኝተው፣ ሙቀት ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። እኔ የተከልኳቸው ግን አዳማ ነው። አንዱ በግንቦት ሙቀት መነመነ። አራቱ በነሐሴ ዝናብ ቀልጠው አለቁ። አንዱ ብቻ ተረፈ፤ ዛሬ በግቢዬ ግማሹን ድንጋይ ያለበሰው የእሱ ዘር ነው።

ብርድ መቻሉ ለአዳማ ሰው ምንም አይጠቅመውም። በግቢዬ ውርጭ አይቼ አላውቅም። ተክሉን ልንጠይቀው የሚገባን ሌላ ነው፦ የግንቦትን ሌሊት ትችላለህ ወይ? የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብስ? ነፋሱንስ? ከዚህ በታች የማወዳድረው ሁሉ፣ ዝርያውም ቦታውም የሸክላው ዓይነትም፣ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የተመዘነ ነው።

እንግዳ አይደለም

ሴደም ከ400 በላይ ዝርያዎች ያሉት ወገን ነው። ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ውሃውን እዚያው ያጠራቅማል። ስሙ «መቀመጥ» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው ይባላል፤ አፈር በሌለበት አለት ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ላየው ሰው ስሙ ይገባዋል። በእኛም አገር ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። እናቶቻችን ለቁስልና ለእብጠት የሚያውቁት እንዳሁላ ከሴደም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ ራሱ ሴደም የሆነ የአገራችን ዝርያ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙም ሴደም ባሌንሲስ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ተክሎች ብዙዎቹ አንድ የሚያስደንቅ ባሕርይ አላቸው። ሌላው ተክል ቀን ቀን የቅጠሉን ቀዳዳ ከፍቶ ሲተነፍስ፣ እነዚህ ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። በሌሊት ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ ያስቀምጡና በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ምግባቸውን ይሠሩበታል። ቀን ስለማይከፍቱ ውሃ አያባክኑም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ህንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቤንጃሚን ሄይን የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ቀምሶ፣ ጠዋት እንደሚኮመጥጥና እኩለ ቀን ላይ ጣዕሙ እንደሚጠፋ ጽፎ ነበር፤ የቀመሰው ያንን አሲድ ነው። እናንተ እንዳትቀምሱ አደራ። የእንዳሁላ ወገን ልብ የሚጎዳ መርዝ ስላለው በግና ፍየል እንኳ ይገድላል።

ይህን ያመጣሁት ለወሬ አይደለም። ለሴደም የሥራ ሰዓቱ ሌሊት ነው። ቀኑ ምንም ቢያቃጥል ሌሊቱ ቀዝቀዝ ካለለት ይድናል፤ ቀንም ሌሊትም ሲሞቅበት ግን ቀዳዳውን እንደልቡ ስለማይከፍት ካከማቸው እየበላ ይከሳል። ከቀዝቃዛ ተራራ የመጡት ዝርያዎች ግንቦት ላይ የሚሸነፉት ለዚህ ነው። በጥቅምትና በኅዳር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ሰማዩ ሲጠራ፣ ያው ተክል በሳምንት ውስጥ ሌላ መልክ ሲያወጣ ታዩታላችሁ።

የትኛው ዝርያ?

ከአራቱ የአውሮፓና የካውካሰስ ምንጣፍ ዝርያዎች ልጀምር፤ ገበያ ላይ «ጠንካራው» እየተባሉ የሚሸጡት እነዚህ ናቸው። ሴደም አክሬ እንደ ምንጣፍ ጥቅጥቅ ብሎ አሥር ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ መሬቱን ያለብሳል፤ ቢጫ አበባ አለው፤ ጭማቂው ምላስ ያቃጥላል። ሴደም ስፑሪየም ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፤ ቀይ ደም የሚመስል ዓይነትም አለው፤ ሰው በመልኩ ተታልሎ የሚገዛው እሱን ነው። ሴደም ሩፔስትሬ የጥድ ቅርንጫፍ ይመስላል፤ ወርቃማው ዓይነት በተለይ ያምራል። ሴደም አልበም ደግሞ ቅጠሉ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ አበባው ነጭ ነው።

እኔ ግቢ የተረፈው አልበም ነው። ምክንያቱም ሚስጥር አይደለም፤ ይህ ዝርያ ውሃ ሲያገኝ እንደ ሌላው ተክል ቀን ይተነፍሳል፤ ድርቅ ሲመጣበት ወደ ሌሊቱ ሥርዓት ይቀየራል። በጋው ሲጠና ቀላ ይላል፤ ያ በሽታ አይደለም፣ ጤናው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ አረንጓዴነቱ ይመለሳል። ሩፔስትሬን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጠዋለሁ፤ ውሃ የማይቆምበት ቦታ ካገኘ ይኖራል፤ እንደ አልበም ግን አይስፋፋም። አክሬ ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲመጡበት ከመካከሉ ጀምሮ ይበሰብሳል። ስፑሪየምን ለአዳማ ፀሐይ አልመክርም፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሬው ሁለቱንም ጊዜ አጥቼዋለሁ፤ ሦስተኛ ገንዘብ አላወጣበትም።

ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርሰው፣ ሮዝ አበባውን እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ስፔክታቢሌ የብዙ ሰው ምኞት ነው። አሁን ሳይንቲስቶቹ ከሴደም ነጥለው ሃይሎቴሌፊየም ቢሉትም ሻጮች ዘንድ ስሙ ያው ሴደም ነው። በፎቶ አይታችሁት ከሆነ ልባችሁን አትስጡት። ይህ ተክል እንዲያብብ ረጅም ቀን ይፈልጋል፤ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ማየት አለበት። የአዳማ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ማዳበሪያ ብትጨምሩ፣ አፈር ብትለውጡ፣ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ተክሉ የሚጠብቀው የቀን ርዝመት እዚህ የለም። ለዚህ ዝርያ ብላችሁ ሌሊት አምፖል ማብራት ካልፈለጋችሁ በቀር ተዉት።

አሁን ወደማደንቃቸው ልምጣ። ሜክሲኮ የሴደም ትልቅ አገር ናት። የሜክሲኮ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከገደልና ከአለት ላይ የመጡ፣ ረጅም በረዶ የማያውቁ፣ የበጋ ድርቅና የክረምት ዝናብ እየተፈራረቀባቸው የኖሩ ናቸው። ይህ የእኛን አየር ይመስላል። በአውሮፓ አትክልተኛ ዘንድ «ብርድ አይችሉም» ተብለው የሚናቁት እነዚህ ናቸው፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የሚሻሉት እነሱ ናቸው።

ሴደም ፓልሜሪ ሰማያዊ ሊባል የሚችል አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቢጫ አበባ ያወጣል። ለድንጋይ አትክልት ከሜክሲኮዎቹ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው። ሩብሮቲንክተም ልጆች ከረሜላ የሚሉት ነው፤ ቅጠሉ የተነፋ ባቄላ መስሎ ጫፉ ይቀላል። ፀሐይ በበዛበትና ውሃ ባነሰው ቁጥር ቅላቱ ይደምቃል፤ ጥላ ውስጥ ካስቀመጣችሁት አረንጓዴ ሆኖ ይረዝማል። ኑስባውመሪያነም የመዳብ ቀለም አለው፤ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ ሲቀመጥ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። ሞርጋኒያነም ደግሞ እንደ ሹሩባ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚረዝም ነው። ይህን ለነፋስ አታጋልጡት። ቅጠሉ በትንሽ ንክኪ ይረግፋል፤ በአዳማ የበጋ ነፋስ በአንድ ቀን ራቁቱን ግንድ ሊቀር ይችላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለት ዝርያዎች ደግሞ ለሰነፍ አትክልተኛም ይሆናሉ፤ ሜክሲካነምና ሊኔያሬ። ሁለቱም ቀጭን ቅጠል ያላቸው፣ በፍጥነት የሚዘረጉ ናቸው፤ ሙቀትና እርጥበት አብረው በሚበዙባቸው የሩቅ ምሥራቅ ከተሞች ጣሪያ ላይ ሳይቀር ይተከላሉ። አንድ ጭብጥ ቁራጭ ካገኛችሁ በዓመቱ አንድ ካሬ ቢሸፍን አይግረማችሁ። ጉድለታቸው ቶሎ መመሰቃቀላቸው ነው፤ በየክረምቱ ማብቂያ መቀስ ካልገባባቸው ድርቆሽ ይመስላሉ።

የአገራችንን እንዳሁላና እሬትን ከዚህ ውድድር ውስጥ አላስገባሁም፤ ቁመታቸውና አጠቃቀማቸው ሌላ ነው። ግን ድንጋዮቹ መካከል አንድ እሬት ጣል ቢደረግ ዝቅ ያሉት ሴደሞች ይበልጥ ይታያሉ። እንዳሁላ የምትተክሉ ከብት ከማይደርስበት ይሁን።

ድንጋይ መካከል ወይስ ማሰሮ ውስጥ?

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ግቢው ትንሽም ቢሆን ተዳፋት ካለው፣ ያለ ማመንታት ድንጋይ መካከል ትከሉ እላለሁ። ድንጋይ ቀን ቢግልም ከሥሩ ያለው አፈር ቀዝቃዛ ነው፤ የሴደም ሥር እዚያ ይጠለላል። ነፋስ አይገለብጠውም። በበጋ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ ቢጠጣ ይበቃዋል። ለሥራ ውለው ለሚያመሹ፣ አገር ቤት ለበዓል ሄደው ሳምንት ለሚቆዩ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ከተሠራ ግን አይነሳም፤ ስለዚህ ስህተቱም አብሮ ይኖራል። የእኔ የመጀመሪያ ስህተት ቦታው ነበር። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ በሚያልፍበት፣ በግቢው ዝቅተኛ ጥግ ሠራሁት። ነሐሴ ላይ ድንጋዮቹ ደሴት ሆኑ። አራቱን ችግኝ የገደለው ዝርያው ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ ጥፋት የቦታው ነው። አሁን ያለው ከመሬት አርባ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ የፈረሰ ብሎኬትና ኮረት ተሞልቶ የተሠራ ነው። ኮረቱ ላይ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር የበዛበት አፈር አለ፤ ለዝቅተኛ ሴደም ከዚያ በላይ ጥልቀት አያስፈልግም።

ድንጋዩን ከላይ እንደ ዳቦ አትደርድሩት። አንድ ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይቀበር፤ ያኔ አይነቃነቅም፣ ለዓይንም እዚያው የበቀለ ይመስላል። ውሃ ወደ ሥሩ እንዲሄድ ድንጋዩ ወደ ኋላ ጋደል ይበል የሚሉ አሉ። ዝናብ ለሚያንስበት አገር ጥሩ ምክር ነው፤ ለእኛ ነሐሴ ግን ደልደል ብሎ መቀመጡ ይሻላል። ቀለሙንም አስቡበት። ጥቁሩ ድንጋይ ሙቀት ይስባል፣ ማታም ይዞ ያመሻል፤ ሴደም ደግሞ ሌሊቱ እንዲቀዘቅዝለት ይፈልጋል ብያለሁ። ነጣ ያለው ድንጋይ ይቀላል። ጥቁሩን ለውበት ከወደዳችሁት ዳርና ጥግ ላይ አድርጉት፤ መካከሉን ለነጣ ላለው ተዉ።

ዶሮ ካላችሁ የድንጋይ አትክልቱን ነገር ሁለት ጊዜ አስቡ። ጠጠር መጫር ትወዳለች፤ በአንድ ከሰዓት የወር ሥራ ትገለብጣለች። ሥር እስኪይዝ ድረስ ለሁለት ወር በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት።

ተከራይ ከሆናችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ግቢው ሙሉ ለሙሉ ሲሚንቶ ከሆነ ማሰሮ ነው ያለው። ይህን እንደ ሁለተኛ ዕድል አትዩት። ማሰሮ አንድ የማይገኝ ጥቅም አለው፤ ሰኔ ሲያጉረመርም ተሸክማችሁ ጣሪያ ሥር ታስገቡታላችሁ። ሞርጋኒያነምና ሩብሮቲንክተምን እኔ ግቢ ቢኖረኝም ማሰሮ ውስጥ ብቻ ነው የማሳድጋቸው። ለክረምት አላምናቸውም።

በሌላ በኩል ማሰሮ ውስጥ ያለ ሥር መሸሻ የለውም፤ ዙሪያውን ሲግል አብሮ ይግላል። በግንቦት በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ መጠጣት አለበት። ነፋሱም ቀላሉን ይጥለዋል። ለእነዚህ ሦስቱም መፍትሔው ያለው ማሰሮው ምን እንደሆነ ላይ ነው።

የምን ማሰሮ?

ያልተቀባ የሸክላ ዕቃ ከሁሉም ይበልጣል። ጎኑ ስለሚተነፍስ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውሃው በጎኑ ሲተን ማሰሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ እንስራ ውስጥ ውሃ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ገበያ ላይ ለወጥ የሚሸጠው ሰፊ ድስት በተለይ ለምንጣፍ ዝርያዎች የተሠራ ይመስላል፤ አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ አሥርና አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር። የተሰነጠቀ ካላችሁ አትጣሉት። ጉዳዩ ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በሲሚንቶ መሰርሰሪያ፣ የመሰርሰሪያውን የመዶሻ ምት አጥፍታችሁ፣ በዝግታ ብሱት። ደረቅ ሆኖ ከተበሳ ይሰነጠቃል። ለአንድ ድስት ሦስት ቀዳዳ ይበቃል።

የፕላስቲክ ፖትና የተቆረጠ ጀሪካን ርካሽ ናቸው፣ አይሰበሩም። ግን ውሃ ይይዛሉ፤ ነፋስም ይጥላቸዋል። ሌላ ከሌለ ጠጠሩን ለሸክላ ማሰሮ ከምታስገቡት እጥፍ አብዙበትና ተጠቀሙ። የቀለም ጣሳ አልመክርም፤ ፀሐይ ላይ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። ከሲሚንቶ የተሠሩት መንገድ ዳር የሚሸጡ ትላልቅ ፖቶች ለነፋስ ጥሩ መልስ ናቸው፤ አንዴ ከተቀመጡ አይነቃነቁም። አዲስ ከሆነ ግን ኖራው እስኪወጣለት ሁለትና ሦስት ሳምንት ውሃ እየሞላችሁ ድፉት። ፎቅ በረንዳ ላይ ደግሞ ክብደቱን አስቡ፤ አፈሩ ሲርስ ክብደቱ ሌላ ነው።

አንድ ልማድ እንድትተዉ እለምናችኋለሁ። ማሰሮ ሥር ጠጠር ማንጠፍ። «ውሃው እንዲያልፍ» ተብሎ ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ውሃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ጠጠሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ውጤቱ እርጥቡ ክፍል ወደ ተክሉ ሥር ይበልጥ መጠጋቱ ነው። ጠጠሩን ከሥር አታንጥፉት፤ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ቀዳዳው ላይ አንዲት የሸክላ ስባሪ አፈሩ እንዳይፈስ ትበቃለች።

አፈሩ

እዚህ ላይ አዳማ የታደለች ከተማ ናት። በሌላ አገር አትክልተኛ በውድ ዋጋ በከረጢት የሚገዛው ፑሚስ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ያ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ እኛ ዘንድ የብሎኬት መሥሪያ ነው። ብሎኬት ከሚመቱት ልጆች አንድ ጆንያ ጠይቁ፤ ግን ሲሚንቶ ካልነካው ክምር ይሁን። ቤት ወስዳችሁ በወንፊት ንፉት። ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያህለውን ያዙ፤ ዱቄቱን ጣሉ፤ ዱቄቱ ነው ውሃ የሚያቁተው። ፑሚስ ካጣችሁ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩ ጠጠርም ይሆናል፤ ይከብዳል፣ ያ ደግሞ ለነፋስ ይጠቅማል። ፑሚስ በውስጡ ቀዳዳ ስላለው ጥቂት እርጥበት ይይዛል፤ ስለዚህ በማሰሮ ፑሚሱን፣ በድንጋይ አትክልቱ ሬድ አሹን እመርጣለሁ።

ልኬቴ ይኸው፦ ለድንጋይ መካከል ሁለት እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ የግቢ አፈር፣ ግማሽ እጅ የበሰለ ኮምፖስት። ለማሰሮ ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ኮምፖስትና አፈር ተቀላቅሎ። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ጭራሽ አታስገቡት፤ ሲርስ ይላቆጣል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍግ አትጨምሩ። ከፍቅር የተነሳ የሚጨምር ሰው አውቃለሁ፤ ሴደሙ ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ክሽክሽ ይወርሰዋል። ድሀ አፈር ላይ ያደገው ነው አጭር፣ ጠንካራና ባለ ቀለም የሚሆነው።

ፀሐይና ግድግዳ

ብዙ ጊዜ «ሙሉ ፀሐይ» ይባላል፤ ያ ምክር ፀሐይ ሁልጊዜ ከአንድ በኩል ለምታበራባቸው አገሮች የተጻፈ ነው። እኛ ጋ በእኩለ ቀን ልክ ከአናታችን በላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ። በእነዚህ መካከል፣ ግንቦትን፣ ሰኔንና ሐምሌን ጨምሮ፣ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ።

ይህን ካወቃችሁ የማሰሮው ቦታ ራሱ ይመጣል። ከቤቱ በስተደቡብ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው ቦታ በግንቦት እኩለ ቀን ጥላ ነው፤ በክረምት ክፈፉ ዝናቡን ይመልስለታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ፀሐይዋ ጎንበስ ብላ ትገባለታለች። ሜክሲኮዎቹን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁላቸውም። ድንጋይ አትክልቱ ግን ክፈፍ ስለሌለው፣ ሜዳ ላይ ወይም በስተሰሜን ይሻለዋል፤ በክረምት ደመናው ገለጥ ሲል የምትወጣዋ ፀሐይ ታደርቅለታለች። የምዕራብ ግድግዳ ለሁለቱም ክፉ ነው። ከሰዓት ሙሉ ይግልና ሙቀቱን እስከ ሌሊት ይተፋል።

ሐዋሳ ያለችው እህቴ ይህንኑ ሁሉ አድርጋ የድንጋይ አትክልቷ አልያዘላትም። ከፍታው ከእኛ ብዙም አይለይም፤ ግን ዝናቡ እንደ እኛ በሐምሌና በነሐሴ ተሰብስቦ አይዘንብም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘረጋል። ሐይቁም አጠገብ ነው፤ ሴደም መሃል ላይ የሚደርቅበት ፋታ ያጥረዋል። ለሐዋሳ ሰው ምክሬ የተለየ ነው፦ ከማሰሮ ጀምሩ፣ ያውም ሸክላ። ከቤት ውጭ መትከል ካለባችሁ ሜክሲካነምና ሊኔያሬ ይቅደሙ፤ ጠጠሩን ከሁለት ወደ ሦስት እጅ አሳድጉት። እህቴ አሁን በረንዳዋ ላይ ያላት ሞርጋኒያነም ከእኔው ይበልጣል፤ የእኛ ዓይነት ነፋስ ስለማይመታው አንድ ቅጠል አልጎደለውም።

ውሃና ሌላው

ሲያንሰው ይሸበሸባል፤ ሲበዛበት ይቀልጣል። የተሸበሸበ ቅጠል በአንድ ቀን ውሃ ይመለሳል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቢጫና ልቅ ያለ ቅጠል ግን አይመለስም። ስለዚህ ስትጠራጠሩ አታጠጡ። ስታጠጡ ጠዋት በማለዳ፣ ውሃው ከታች እስኪወጣ ድረስ፤ ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ ዝም። በክረምት ከቤት ውጭ ላለው ምንም። በሰኔ መጀመሪያ ግን የሞቱትን ቅጠሎች ልቀሙ፣ ጥቅጥቅ ያለውን ምንጣፍ አሳሱት፤ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቅጠሉ መገናኛ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ካያችሁ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት። ቀንድ አውጣ በክረምት ማታ ይመጣል፤ በባትሪ ፈልጎ መልቀም ነው።

ለመጀመር ብዙ ችግኝ አትግዙ። ከጎረቤት አንድ ቁራጭ ጠይቁ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ጥላ ላይ አስቀምጡት፣ ቁስሉ ይድረቅ። ከዚያ ደረቅ ጠጠር ላይ አስቀምጡትና ለአንድ ሳምንት ውሃ አትስጡት። በሁለትና በሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል። ሩብሮቲንክተምና ሞርጋኒያነም ከወደቀች አንዲት ቅጠል እንኳ ይበቅላሉ፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃሉ።

ጊዜው መስቀል እንዳለፈ ነው። መሬቱ ገና እርጥበት አለው፣ ዝናቡ ቆሟል፣ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ እስከ ግንቦት ድረስ ሥር የሚሰድበት ስምንት ወር ያህል ያገኛል። እኔ ያንን ስድስት ችግኝ የገዛሁት በጥር ነበር።